በሁለት እጅ

ሩሀማ ግራ እጃቸውን ያየችው ቁጥሩን ከጻፈች በኋላ ነበር። የመጨረሻው ተለኪ አባባ ወልደጻድቅ የእጅ ጥንካሬ መለኪያውን እንደ ወጉ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ በዚያው በሁለት እጃቸው ጨምቀውታል። ሠላሳ አራት ኪሎ።

«ጎረምሳ ነዎት እኮ አባባ!» አለች ነርሷ ሲስተር ተዋበች ከወዲያኛው ጠረጴዛ፣ ቀና ሳትል። «በሉ በሰላም ይግቡ!»

የቀበሌው አዳራሽ በሳቅ ተሞላ። ሩሀማ ግን አልሳቀችም። ጠዋት ሲስተር ለመለካት ለመጡት ለእሷና ለትምህርት ቤቷ የጤና ክበብ ተማሪዎች ደጋግማ ነግራቸዋለች፦ በአንድ እጅ ብቻ። ጡንቻቸው የሟሸሸ አረጋውያን የሚለዩት በዚህ ነው፤ ከሠላሳ በታች የጨበጠ ወንድ ሰኞ ለምርመራ ይጠራል። ግን ሽማግሌን «በአንድ እጅዎ ይያዙ» ማለት ከአፏ አልወጣላትም። ከእሳቸው በፊት የለካቻቸው አሥራ አንዱስ? እጃቸውን ልብ ብላ አላየችም።

«ተይው ባክሽ» አላት የክፍሏ ልጅ ማርቆስ፣ እሱም አይቶ ኖሮ፣ በሹክሹክታ። «ማን ያውቅብሻል? ደግሞ ቀውጢ ልታስነሺ ነው?»

ደጅ ላይ አባባ ወልደጻድቅ ደረጃውን በባለቤታቸው በእማማ ሙሉጌጥ ትከሻ ተደግፈው ይወርዳሉ።

«ባለፈው ወር ሁለቴ ወድቀው ነፍሴን አወጧት» አሉ እማማ፣ ተከትላቸው የወጣችውን ሩሀማን ሲያዩ። «ዛሬ ገና እፎይ አልኩ። ተባረኪ ልጄ!»

የሩሀማ ፊት ጋለ። ሦስተኛው መውደቅ ታያት፤ ሲሚንቶው ላይ፣ ማንም በሌለበት ሰዓት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ጠበቀች። ሲስተር ወረቀቶቹን እየሰበሰበች ነበር።

«የእጅ ጽሑፍሽ እንዴት ያምራል! ለርዕሰ መምህሩ እነግርልሻለሁ።»

«ሲስተር... በሁለት እጃቸው ነው የጨበጡት። አይቼ ዝም አልኩ።»

«እነማን?»

«አባባ ወልደጻድቅ። ሌሎቹን አላውቅም።»

ሲስተር የሩሀማን ወረቀት ከክምሩ መዝዛ አወጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«ካላወቅሽማ የአሥራ ሁለቱም ውጤት ውድቅ ነው» አለች፤ ገጹንም ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው።

«ነገ ይምጡ ብዬ ልጥራቸው? ሁሉም የእኛ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ስህተቱ የእኔ ነው እላቸዋለሁ።»

«ይስቁብሻል፤ የሚቆጣሽም አይጠፋም።»

«አውቃለሁ።»

ሩሀማ ስሞቹን ደብተሯ ላይ ገለበጠች። እማማ ሙሉጌጥን ምን ብላ እንደምትጀምር አላወቀችም። ከሲስተር ጋር ሲወጡ ዘበኛው መብራቱን አጥፍቶ በሩን ቆለፈ። ሩሀማም ወደ አባባ ወልደጻድቅ ቤት በሚወስደው መንገድ ታጠፈች።