ደሊል የሰጣት ግራ እጅ

ወረቀቱ ጓንቱ ውስጥ ነበር።

ኢፍቱ እጇን ስትሰድ ጣቷ ነካው። ጠበብ ተደርጎ የታጠፈ ነው። ደሊል ጓንቱን ከሣጥን አውጥቶ ሲያቀብላት ዓይኗን እንኳ አላየም። ደግነቱ ፊቷን የሽቦ ጭንብሉ ሸፍኖላታል።

አራት የይለፍ ወረቀት። ማኅተም ያለው፣ ስም ያልተጻፈበት። በ1971 ዓ.ም. ያለዚያ ወረቀት ኬላ ማለፍ አይታሰብም። እህቷ ጫልቱ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ደራ፣ አንድ የእህል ጎተራ ውስጥ ከተደበቀች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ነገ ሰፈሩ ይፈተሻል። ሦስቱ ወረቀት ለእነሱ፣ አራተኛው ለኢፍቱ ነው።

ወረቀቱን በደሊል እጅ የላከላት ኅቡዕ ድርጅት «ሸንበቆ» ይላታል። የናዝሬቱ የሻሞላ ግጥሚያ ስፖርት ክለብ ግን ጥሩነሽ ብሎ መዝግቧታል፤ የወፍጮ ቤት ጸሐፊ፣ ጀማሪ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተማረችው ጉልበት ማጠፍ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ጭኗ ነዶ ደረጃ መውረድ አቅቷት ነበር። ዛሬ ደግሞ እህል የሚባል አልቀመሰችም። በባዶ ሆድ እንዲህ ያለ ሥራ ምን ይባላል።

ኩባዊው አሠልጣኝ ራሞን አጨበጨበ። ሻሞላዋን ወደ አገጯ አንስታ ሰላምታ ሰጠች። ደሊልም ሰጠ። እሱም የቡልቡላ ነጋዴ ልጅ ነኝ ብሎ ከእሷ ጋር በአንድ ሳምንት የገባ ጀማሪ ነው። ሁለት ጊዜ ደረቱን ነካችው።

«ኧረ ደሊል፣ ሻሞላ ነው የያዝከው ወይስ የከብት መንጃ?» አለች ፋዲላ፣ ግድግዳው ሥር ተራዋን እየጠበቀች።

ግጥሚያው አለቀ። ጭንብል ወለቀ።

ራሞን ሁልጊዜ የሚናደደው እዚህ ላይ ነው። በሻሞላ ደንብ ጓንት ያጠለቀው ቀኝ እጅ መሣሪያውን እንደያዘ ይቆያል፤ የሚጨበጠው በባዶው ግራ ነው። የዚህ አገር ልጅ ግን ግራውን ለሰው አይሰጥም፤ ነውር ነው። ሁሉም ሻሞላውን ብብቱ ሥር ከትቶ፣ ጓንቱን በጥርሱ ጎትቶ ቀኙን ይዘረጋል። ፋዲላማ ግራዬን ከምሰጥ ብትወጋኝ ይሻላል ብላው ታውቃለች። ኢፍቱም ወረቀቱ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቀች ጓንቷን ልታወልቅ ጀመረች።

ደሊል ግራ እጁን ሰጣት።

ሳያስብ። ሳያፍር።

ጨበጠችው። ይህ እጅ የሦስት ሳምንት እጅ አይደለም። ሻሞላ የሚማሩበት ሌላ ቦታ እሷ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፦ አዲስ አበባ፣ የደህንነት ሰዎች ግቢ። እዚያ የሚያስተምር የአገሩ ሰው እንዳለ ራሞን ራሱ አውርቷል።

በመስኮቱ አየች። ሁለት ሰዎች ላንድሮቨር ተደግፈው ቆመዋል። የሚፈልጉት እሷን አይደለም። ወረቀቱን ተከትለው ጎተራው ድረስ ሊሄዱ ነው።

«ምነው፣ አመመሽ?» አላት ደሊል።

«ጉልበቴ እምቢ አለኝ።»

ይህ ለፋዲላ የታሰበ የምስጢር ቃል ነበር። መንገዱ ተበላሽቷል፣ አንቺ ጨርሺው ማለት ነው። ፋዲላም የድርጅቱ ልጅ ናት፤ የአጎቷ የአብዱናሲር የጭነት መኪና አሥር ሰዓት ላይ በደራ በኩል ወደ አሰላ ይነሳል።

ለአሥራ ሁለት ተማሪ ያለው ጓንት አራት ነው። ኢፍቱ ዞር ብላ መሀረቧን ደረቷ ውስጥ ወሸቀች፤ ደሊል አይቶ ወረቀቱን የደበቀች እንዲመስለው አድርጋ። ጓንቱን ከነወረቀቱ ለተረኛዋ ለፋዲላ አቀበለች።

ፋዲላ በሹክሹክታ «ያንቺ ወረቀትስ?» አለቻት።

«ሂጂ።»

ደሊል ወረቀቱ ከእሷ ጋር ነው ብሎ እስካመነ ድረስ ወደ ኬላዎች ስልክ አይደውልም። ስለዚህ እስኪመሽ ማምለጥም መያዝም የለባትም።

ከደራ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ የመቂ አውቶቡስ ተሳፈረች። ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ከኋላዋ ተቀመጠ። ላንድሮቨሩ ተከተለ። ሞጆ ኬላ ላይ ወታደሩ ይለፍ ጠየቃት።

የላትም።

ከኋላዋ ያለው ሰው በዓይኑ ጠቀሰው። ወታደሩ አለፋት።

ዓለም ጤና ስትወርድ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ከሽንኩርት ማሳ የሚመለሱ ሴቶች መንገዱን ሞልተውታል። መሀላቸው ገባች። የአንዷን ጆንያ ተቀብላ አናቷ ላይ አደረገች፤ ዝቅ አለች።

«ቁሚ!»

ከላንድሮቨሩ የወረደው የደሊል ድምፅ ነው። ጆንያውን ጥላ ሮጠች። ጥይት ጮኸ። የመስኖው ቦይ ውስጥ ወደቀች፤ እስከ አገጯ ውሃ ውስጥ፣ ቦዩ ዳር የበቀለ ሸንኮራ ሥር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ባትሪ እያበሩ ፈለጓት። ሲሄዱ ጥርሷ መንገጫገጩን ማቆም አልቻለችም።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ ኢፍቱ በቀን ሠራተኛነት ወደ ገባችበት የሽንኩርት ማሳ ዘሃራ የምትባል የደራ ሽንኩርት ነጋዴ ወሬውን አመጣችላት። ሦስቱም አልፈዋል። ጫልቱ ግን እህቴ ሳትመጣ አልነሳም ብላ የመኪናውን በር ይዛ አልቅሳ ነበር። ፋዲላ «ቀድማሽ ሄዳለች፣ አሰላ ትጠብቅሻለች» ብላ ዋሽታ ነው ያሳፈረቻት።

ፋዲላን በማግስቱ ወስደዋታል። የት እንዳለች የሚያውቅ የለም።

ኢፍቱ ወደ ማሳው ተመለሰች። አሠሪው መዝገቡን ይዞ በትልሙ መጣ።

«አንቺ አዲሷ፣ ማን ልበል?»

«የሺዓለም።»

ጻፈና አለፈ።