ሳይጠይቃት

ጓደኞቹ «ጥድፊያው» ነበር የሚሉት። ለልጆች ፕሮግራም አኒሜሽን ይሠራል፤ ሲበላም፣ ሲናገርም፣ ሲራመድም ከኋላው የሚያሳድደው ያለ ይመስላል። ያን ቀንም ወደ ጥገና ቤቱ የገባው ኮምፒውተሩን በሁለት እጁ ታቅፎ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ነው።

«የድሮውን ፕሮሰሰር አውጥተሽ ይሄንን ክተቺልኝ። ቆሜ እጠብቃለሁ» አለና አንዲት ካርቶን ባንኮኒው ላይ አኖረ።

ከባንኮኒው ጀርባ የተቀመጠችው ጠጋኝ የቤቱ ባለቤት ልጅ ናት። ቀና ብላ አየችው።

«መጀመሪያ ሰላም ይባላል።»

አፈረ። «ሰላም ነሽ?»

«ደህና ነኝ። የማዘርቦርድህን ሞዴል ሳታይ ነው የገዛኸው?»

«ሁሉም አንድ አይደለም እንዴ?»

ሳቀች። የኮምፒውተሩን ጎን ፈታች፤ በባትሪ እያበራች ቦርዱ ላይ የተጻፈውን አነበበች፤ ከአምራቹ ድረ ገጽ ጋርም አመሳከረች። «ና እየው» ብላ አጠገቧ አስቀመጠችው። «ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ይሄ ነው። ያመጣኸው ለዓይን ይመሳሰላል እንጂ የሌላ ሶኬት ነው። በግድ ብትጫነው እነዚህ ፀጉር የሚያካክሉ ፒኖች ይጎብጣሉ፤ ያኔ ቦርዱን ደህና ሰንብት በለው። ሶኬቱ ቢገጥም እንኳ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ባዮስ ያውቀዋል ወይ፣ ቦርዱስ የሚፈልገውን ኃይል መስጠት ይችላል ወይ ተብሎ ይጣራል። ሰማኸኝ?»

«ሁሉንም» ብሎ ዋሸ። የሚያየው ግንባሯ ላይ የወደቀችውን ዘለላ ፀጉር ነበር።

«እሺ፣ ምን አልኩ?»

«ስለ... ፀጉር» አለ። ከዚያ ሁለቱም እኩል ሳቁ።

የሚስማማውን እስክታፈላልግለት ድረስ ምክንያት እየፈጠረ ይመላለስ ጀመር። አንድ ቀን ማውዙ እንቢ አለ ብሎ መጣ። ሰካችው፤ እያገላበጠች አየችው።

«ማውዝህ ምንም አልሆነም። ይልቅ ‹ሻይ እንጠጣ› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ሻይ ጠጡ። ከሻዩ በኋላ መንገድ ለመንገድ ሲዞሩ ዋሉ። ያን ሁሉ ሰዓት አንዴም አለመቸኮሉን ያወቀው ቤቱ ሲገባ ነው።

እናቱ ግን ነገሩን አልወደዱትም። «ካቻቢቴ ይዛ የምትውል ነው ምራቴ የምትሆነው?» አሉ። እሱም ሲሟገታቸው አመሸ፤ በማግስቱም እንደ ጀብዱ ነገራት። ጠጋኟ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

በዚህ መሃል አንድ ትልቅ ስቱዲዮ ሊቀጥረው አሰበ። አጭር ፊልም ሠርቶ በሳምንቱ መጨረሻ ማስረከብ ነበረበት፤ አሮጌው ኮምፒውተር ደግሞ አንዷን ትዕይንት ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ያቃስታል። ደግነቱ የሚስማማው ፕሮሰሰር ተገኘ።

«መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ። ሰኞ አምጣው፤ ራሴ እገጥምልሃለሁ» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ስቱዲዮው ጠራው። ኮምፒውተሩን በታናሽ እህቱ ልኮ ሄደ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሊወስድ እየሮጠ መጣ። ጥገና ቤቱ በደንበኛ ተሞልቷል። ኮምፒውተሩ ባንኮኒው ላይ ተከፍቶ ማራገቢያው ይሽከረከራል፤ ስክሪኑ ጨልሟል። ጠጋኟ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ አጠገቡ ቆማለች።

«ምን ሆነ?»

«ፒኖቹ ጎብጠዋል። ቦርዱ ከእንግዲህ አይሠራም» አለች በቀስታ። አባቷን አየቻቸው። አባቷ አንገታቸውን ደፍተው መሬት ላይ ብሎን ይፈልጉ ጀመር። «ይቅርታ አድርግልኝ» አለች።

ደሙ ፈላ። «ፒን ይጎብጣል ብለሽ የሰበክሽኝ አንቺ አይደለሽም? እናቴ እውነቷን ነው። ካቻቢቴ ስለጨበጥሽ ባለሙያ የሆንሽ መሰለሽ! የኔም ነገር ጉድ ነው፤ ከዚህ አቧራ ውስጥ ሚስት ላወጣ ነበር!»

ከወረፋው አንዱ ሳቁ አመለጠው። ጠጋኟ አፏን ከፈተች፤ እንደገና አባቷን አየች፤ መልሳ ዘጋችው። ጥድፊያው ኮምፒውተሩን አንሥቶ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ፊልሙ አልደረሰም። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጠጋኟ ስትደውል ስልኩን ይዘጋል። አንድ ቀን ቤቱ ድረስ መጣች። እናቱ በር ላይ ቆመው «የለም» ሲሏት እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። አይታው ይሁን አይሁን አላወቀም፤ ጥቂት ቆማ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አልደወለችም።

ታናሽ እህቱ ያኔ ኮምፒውተሩን ያደረሰችው ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ልትሄድ መንገድ ላይ ሳለች ነበር። ለዕረፍት ስትመለስ፣ ምሳ እየበሉ «ያቺ የጥገና ልጅ እንዴት ናት?» አለችው።

«ስሟን አታንሺብኝ። ቦርዴን ገድላው የለ!»

«እሷ? እሷ እኮ አልነበረችም! እናቷን ሐኪም ቤት ይዛ ሄዳ ነበር። ራሷ እንድትሠራው ትቼው ልሄድ ስል አባቷ ‹ልጄን ያስተማርኳት እኔ አይደለሁ!› ብለው ተቆጡኝ። ያ መጀመሪያ ገዝተህ ሳትመልሰው የቀረኸው ፕሮሰሰር ከነካርቶኑ ከኮምፒውተሩ ጋር ነበር፤ እሱን አንሥተው ሲጫኑት አይቼ ነው የወጣሁት። አልነገረችህም?»

ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰ። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ያልወረደው ለካ ገና መግባቷ ነበር።

እናቱ ሳህን እያነሱ «ታዲያ አሁን ምን ይለወጣል?» አሉ።

እጁን ሳይታጠብ ተነሥቶ ወጣ። ጥገና ቤቱ ውስጥ አባትየው ብቻቸውን ነበሩ።

«ለምን ዝም አሉ?» አላቸው።

«ደንበኛ ሞልቶ ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «ከዚያ ወዲህ ከኔ ጋር አትሠራም። እዚያ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ተቀጥራለች።»

የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል በተደረደሩ ማሽኖች ተሞልቷል። ጠጋኟ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ገመድ ታያይዝ ነበር። በሩ ላይ ቆመ። ስድቧን ሊቀበል፣ እንባዋንም ሊያብስ ተዘጋጅቶ ነበር።

«አቤት፣ ምን ልርዳዎት?» አለችው።

«እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቄዎታለሁ።»

ለሌላ ነገር ሁሉ ተዘጋጅቶ ለዚህች «እርስዎ» አልተዘጋጀም። እየተንተባተበ ነገራት፤ እህቱን፣ አባቷን፣ መጋረጃውን ሳይቀር። አንዲት ቃል ሳታቋርጥ አዳመጠችው።

«አንዴ ብቻ ‹አንቺ ነሽ?› ብዬ ብጠይቅሽ ኖሮ...» አለ። «ይቅር በይኝ።»

«አባቴን ይቅር ብያቸዋለሁ» አለች። «ስማቸው እንዳይጠፋ ፈርተው ነው ዝም ያሉት። እርስዎ ግን የፈሩት ነገር አልነበረም።»

ጠጋኟ ጎንበስ ብላ ገመዷን አነሣች። ቆመ፤ ቀና አላለችም። ወጥቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው፤ ከበሩ ግን አልራቀም።

«ማን ናቸው?» ስትል ባልደረባዋን ሰማት።

«ድሮ ደንበኛ ነበሩ» አለች ጠጋኟ። «ያቺን ጫፍ አቀብዪኝ።»