የዘውዴና የአይሻ ክፍል

አቶ ዘውዴ በማለዳ በጸሎት ክፍሉ ደጃፍ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር ተንጋለው ተገኙ። ነጠላቸው ደረታቸው ላይ ተስተካክሏል፤ ጫማቸውም እግራቸው ላይ ነው። መጀመሪያ ያዩአቸው ወይዘሮ አይሻ ናቸው። የወይዘሮዋ ጩኸት የከተማው ግንብ መውጫ እስከሆነው ፈላና በር ድረስ ተሰማ። ተከትሎት የመጣው ወሬ ግን ከጩኸቱ የከፋ ነበር፤ «ሙስሊሞቹ ክርስቲያኑን ዘበኛ ገደሉት» የሚል።

ቦታው ጀጎል ውስጥ ያለ የመንግሥት የሽመናና የስፌት ማሠልጠኛ ነው። ቤቱ የቆየ የሐረሪ ቤት ሲሆን አንዱ ክፍል ለጸሎት ተለይቷል። በምሥራቁ ግድግዳ የእመቤታችን ሥዕል በመጋረጃ ተጋርዳ ተሰቅላለች፤ ሙስሊሞቹም እዚያው ክፍል ውስጥ ወደ ቂብላቸው፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ዞረው ይሰግዳሉ። ክፍሉን ለዓመታት የያዙት ዘበኛው አቶ ዘውዴና የጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ አይሻ ነበሩ። የሶላት ሰዓት ሲደርስ በሥዕሉ ላይ መጋረጃውን የሚስቡት አይሻ ናቸው፤ ሶላቱ ሲያበቃ መስገጃዎቹን የሚጠቀልሉት ደግሞ ዘውዴ። ሁለቱ እንዲህ እየተሳሳቁ ሲሠሩ ያየ ሰው ሌላ ስብከት አያስፈልገውም ነበር።

ዳይሬክተር ዮናስ ከመጣ ወዲህ ነው ነገሩ የተበላሸው። «በመንግሥት ተቋም የሃይማኖት ምልክት አይኖርም፤ ሥዕሉም፣ በግድግዳው ላይ ያለው የቂብላ ምልክትም ይነሡ» ብሎ አዘዘ። በትእዛዙ ማግስት የአይሻ ልጅ ሰዒድ፣ የሽመና መምህሩ፣ በሰው ፊት ከአቶ ዘውዴ ጋር ተጨቃጨቀ። «እርስዎ ካላወረዱት እኔ አወርደዋለሁ!» ብሎ ሲጮህ ያልሰማ አልነበረም። አስከሬኑ ሲገኝ ታዲያ ፖሊስ ቀድሞ ያሰረው እሱን ነው። ቀብሩ በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ለቀስተኛው ተሰብስቦ ወሬው ሳይጋጋል እውነቱ ካልታወቀ፣ አይሻ ልጃቸውን፣ ከተማውም ሰላሙን የሚያጡ ይመስል ነበር።

ምርመራው ለኢንስፔክተር ገላነሽ ተሰጠ። ገላነሽ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ፣ ቶሎ የምትቆጣ፣ ቶሎም የምታዝን ሴት ናት። አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተመትቷል፤ ደረጃው ላይ ግን የደም ጠብታ የለም። ፀጉራቸው ውስጥ ቀይ አፈር ገብቷል። የግራ ጫማቸውን ቀስ ብላ አወለቀች። እግራቸው ባዶ ነው፤ የውስጥ እግራቸውም ቀይ አፈር ነክቶታል። የጫማው የኋላ ቆዳ ተረግጦ ተረግጦ የተጣጠፈ ነው፤ ዛሬ ግን ቀና ተደርጎ ተረከዛቸውን ይዟል። በቆዳውና በተረከዙ መካከል የታጠፈ ጥጥ አለ።

«እኚህ ሰው እዚህ አልሞቱም» አለች፤ ጫማዋንም አውልቃ ወደ ክፍሉ ገባች።

እርጥብ አፈር ሸተታት። ነደባ የሚሏቸው፣ ቀይ አፈር የሚለቀለቁት ከፍ ያሉ መደቦች ገና አልደረቁም። ሥዕሏ በቦታዋ አለች፤ የቂብላው ምልክት ግን ከግድግዳው ተነሥቷል። ከነደባው ሥር መስገጃዎች ጎን ለጎን ተነጥፈዋል፤ በላያቸው የተሸመነው የቅስት ቅርጽ ጫፉ ወደ ሥዕሏ ያመለክታል። አንዱን ገልጣ አየች። ከሥሩ ወለሉ ተፍቋል፤ ነደባው ጠርዝ ላይ ከአፈሩ የጠቆረ ነጥብ አለ። መስገጃውን እንደነበረ መለሰችው።

ወይዘሮ አይሻ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ትናንት ክፍሉን ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ። ነደባውንም ወለሉንም ቀይ አፈር ለቅልቄ፣ እንዲደርቅ ብዬ መስገጃዎቹን ጠቅልዬ ጥግ አቆምኳቸውና ቆለፍኩ።»

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔ፣ ዘውዴና ዳይሬክተሩ።»

«ሰዒድ የእርስዎን ሊወስድ ይችላል?»

አይሻ መዋሸት ይችሉ ነበር። «ይችላል» አሉ። «የዘውዴ ልጅ ልደትም የአባቷን መውሰድ ትችላለች። ወላሂ፣ ልጄ ግን አላደረገውም።»

«የአቶ ዘውዴ ጫማ ለምን ተጣጠፈ?»

«ተረከዙ ተሰንጥቆ ይደማበታል። ረግጦ እያንሸራተተ ነው የሚሄደው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ብቻ ልደት ጥጥ አድርጋ በደንብ ታጫማዋለች። ጥጡን ከሽመና ክፍል የምሰጣት እኔ ነኝ።» ይህን ብለው አለቀሱ። «ሰው ፊት ተዝረክርኮ እንዳይታይ ብላ እኮ ነው።»

ሰዒድ መስኮት በሌላት የጣቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። ወጣት ነው፤ ፊቱ በእንቅልፍ እጦት አብጧል።

«አወርደዋለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ። ተናድጄ ነው። የእኛ ምልክት ሲነሣ እሳቸው ዝም ያሉ መስሎኝ። ኋላ እናቴ ስትነግረኝ፣ ለዳይሬክተሩ 'የእነሱን ከነካችሁ የእኛንም ንኩ፤ እኔ ግን የሁለቱንም አላነሣም' ብለውት ኖሯል። ዛሬ ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር።»

«ጎሕ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«ከሶፊ፣ ከጫት ማሳችን እየመጣሁ። መንገድ ላይ ያየኝ የለም።»

ገላነሽ ልትወጣ ስትል ሰዒድ የዙህር ሶላት እንዳያልፈው መስገድ ይችል እንደሆነ ጠየቃት። ፈቀደችለት። ኮቱን አውልቆ በእጁ ይዞ ቆመ፤ ከማንጠፉ በፊትም ወደ ጠባቂው ዞሮ «ወንድሜ፣ ሰሜን በየት በኩል ነው?» አለ። ገላነሽ በሩ ላይ ቀረች። ጠባቂው በጣቱ እስኪያሳየው ድረስ ኮቱ መሬት አልነካም።

ዳይሬክተር ዮናስ ደግሞ ሳይጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ነበር።

«እኔ ሁለቱንም እኩል ነው ያዘዝኩት፣ ኢንስፔክተር።»

«አቶ ዘውዴ እምቢ ሲሉዎትስ?»

«ለልጃቸው ነገርኳት። እዚሁ ቢሮ ጸሐፊ ናት። ሥዕሉ ካልወረደ አባቷ ሥራቸውንም፣ ግቢው ውስጥ የሚኖሩባትን ቤትም እንደሚያጡ።»

«ለልጅ ይህን ነገሩ?»

«አስረጂያቸው ብዬ ነው» አለ፤ እጁ ግን ቁልፉን መነካካት ጀመረ።

ልደት አባቷ ቤት፣ በለቀስተኛ ሴቶች መሐል ነበረች። «ተኝቼ ነበር» አለች። «ሲጮህ ነው የወጣሁት።»

«ሰዒድ ያደረገው ይመስልሻል?»

«ሰዎች ናቸው የሚሉት።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ከቀብሩ በፊት ገላነሽ አራቱንም ወደ ጸሎት ክፍሉ ጠራቻቸው። ሰዒድን ከጣቢያ አስመጣችው፤ አይሻ ሲያዩት ተነሡ፣ ግን አልቀረቡትም። ሁሉም ጫማቸውን አውልቀው በደረቀው የነደባው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከግቢው የሙሾ ድምፅ ይሰማል።

«አቶ ዘውዴ የሞቱት እዚህ ነው» አለች ገላነሽ። «በባዶ እግራቸው ገብተዋል፤ እርጥቡ ወለል ላይ ወድቀው ራሳቸውን ነደባው መትቷቸዋል። ከዚያ አንድ ሰው ወደ ውጭ አውጥቷቸዋል፤ ከደረጃው የወደቁ እንዲመስል። የተፋቀውን ወለል ደግሞ በእነዚህ መስገጃዎች ሸፈነው። ወይዘሮ አይሻ፣ እስቲ ልብ ብለው ይዩአቸው።»

አይሻ ጠዋት ከድንጋጤያቸው የተነሣ ወደ ውስጥ አልገቡም ነበር። አሁን አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ወደ ሥዕሏ ነው የተነጠፉት!»

«አዎ። ቂብላ ከዚህ በሰሜን በኩል ነው። ሰዒድ እስር ቤት ውስጥ ሆኖ እንኳ ሰሜንን ሳያውቅ ኮቱን አላነጠፈም። እሱ ወይም እርስዎ ብትሆኑ፣ በድንጋጤም ቢሆን እጃችሁ ወደ ሰሜን ይሄድ ነበር። እነዚህን ያነጠፈው ሰው ግን ሲጸልይ የኖረው ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነው። እናትና ልጅ ከዚህ ነገር ወጥታችኋል።»

ዮናስ ፊቱ ገረጣ። «እኔ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ አላውቅም!»

«አልገቡም፤ አውቃለሁ። ሰውየውን ያወጣው ሰው ጫማ አጥልቆላቸዋል። ሊያመልጥ የቸኮለ ሰው በተጣጠፈው ላይ አስገብቶ ይሮጣል። ይህ ሰው ግን ተረከዛቸው እንዳይታመም ጥጥ አደረገላቸው። ሕመም ለማይሰማው ሬሳ! እርስዎ፣ አቶ ዮናስ፣ የዘበኛዎ ተረከዝ መሰንጠቁን እንኳ አያውቁም።» ድምፅዋ ተቀየረ። «ወደ ምሥራቅ የሚጸልይ፣ ያንን ተረከዝም የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀረኝ። ባይቀረኝ በወደድኩ።»

ልደት አልሸሸችም፣ አልካደችምም።

«አባቴ ሥዕሏን በእጁ አያወርዳትም» አለች። «እኔ አውርጄ ብደብቃት፣ እሱ አላየሁም ይላል፣ ቤታችንም ይተርፋል ብዬ ነው። ሳላስበው ለጸሎት መጣ። 'ልጄ፣ አንቺ ነሽ?' አለኝ። ሥዕሏን ያዘ፤ እኔም ሳብኩ። አንሸራተተው። ሥዕሏን ኋላ ነው መልሼ የሰቀልኳት። ሌላ ምንም አላደረግኩትም፣ በእመቤቴ ምንም አላደረግኩትም!»

«እኔን ሲወስዱኝ ግን ቆመሽ ታዪ ነበር» አለ ሰዒድ።

«አፌ አልከፈት አለኝ።»

«እኔ እኮ ለሰላም ብዬ ነው ያዘዝኩት» አለ ዮናስ።

ገላነሽ መጠየቅ ያልፈለገችውን ጠየቀች። «ወዲያው ነው ያረፉት?»

ልደት በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። «'አይሻን ጥሪልኝ' አለኝ። ደግሞ ደጋግሞ 'አይሻን' አለኝ። ሥዕሏ እጄ ላይ ነበረች፤ አዴ አይሻ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ አፈርኩ። አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል እያልኩ ጠበቅኩ።»

ወይዘሮ አይሻ መስገጃውን ገልጠው የተፋቀውን ወለል በእጃቸው ዳሰሱ።

«ለሱብሂ፣ ለጎሕ ሶላት፣ ተነሥቼ ነበር እኮ» አሉ። «ለሶላት እየታጠብኩ፣ ውዱእ እያደረግኩ ነበር። ቤቴን ከዚህ ክፍል አንድ ግንብ ነው የሚለየው። ብትጠሪኝ እሰማ ነበር።»

«ይቅር በይኝ፣ አዴ።»

«ስለ ልጄ አውፍ ብዬሻለሁ። ስለ ዘውዴ ግን አልችልም። እየጠራኝ ነው የሞተው።»

ከውጭ ሙሾው ከፍ አለ፤ አስከሬኑ ሊወጣ ነው። ገላነሽ ልደትን ወደ መኪናው ልትወስዳት ክንዷን ስትይዝ አይሻ መንገዱን ዘጉባት።

«አባቷን ትቅበር፣ ኢንስፔክተር። ከዚያ ይውሰዷት።»

«ማን ይይዛታል? ዘመድ የላትም።»

«እኔ እይዛታለሁ።»

ገላነሽ በሩን ከፈተች። ወይዘሮ አይሻ የልደትን ክንድ ይዘው ወደ ለቀስተኛው ወጡ። ልጅቱ በተሰናከለች ቁጥር ቀና ያደርጓታል፤ ፊቷን ግን እስከ መቃብሩ ድረስ አንድም ጊዜ አላዩዋትም።