ስሙን ጮክ ብዬ አነበብኩት

እመኑኝ፣ ይህን ከራሴ አልፈጠርኩትም። መፍጠር ብችል ኖሮ መጨረሻውን ሌላ አደርገው ነበር።

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ነቀምቴ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ። ሐምሌ ስለሆነ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም።

ወርቂቱ እባላለሁ። ማንበብ የተማርኩት በአርባ ስምንት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ያን ጊዜ ዓይኔ ብቻውን አያነብም ነበር። ጣቴ ፊደሉን ይነካል፣ አፌ ይጠራዋል፣ ከዚያ ነው የሚገባኝ። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የባጃጅ ጀርባ... ሁሉንም ጮክ ብዬ ነበር የማነበው።

"ሃርሜ፣ ኧረ ሰው ይሰማሻል!" እያለች ልጄ ሲና ትስቅብኛለች።

ሲና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከቤተክርስቲያናችን መዘምራን ጋር ኤሌክትሪክ ጊታር ትጫወታለች፤ በውሰት ጊታር። አዲስ አበባ ያለ አንድ ባንድ ሊፈትናት ጠራት። "የራስሽን ጊታር ይዘሽ ነይ፤ ደህና ጊታር ይሁን" አሏት።

በከተማችን ደህና ጊታር የሚሸጥ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው አሉን። ኦቦ ሞረዳ።

ብቻዋን እንድትሄድ ልቤ አልፈቀደም።

"አካም ጅርቱ፣ አዴ ወርቂቱ? ግቡ፣ ግቡ!"

ብሎ ተቀበለን ሞረዳ። ሳቂታ ሰው ነው። ከገባን በኋላ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።

"ዝናቡ እንዳይገባብን ነው" አለ።

ዝናቡ ግን የሚመታው በጓሮ በኩል ነበር...

ሁለት ጊታሮች ጠረጴዛው ላይ አጋድሟል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር።

"ቀዩ ሦስት ቀጫጭን ፒካፕ አለው። ጥቁሩ ሁለት ሰፋፊ።"

"ፒካፕ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኩ።

"ከክሮቹ ስር ያለችው ናት፣ አዴ። ማግኔት ናት፤ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞባታል። ክሩ ሲርገበገብ ትሰማና ወደ ድምፅ ማጉያው ትልከዋለች። የጊታሩ ጆሮ በያት።"

"ኤሌክትሪክ የማይዛት የትኛው ነው?"

"ሃርሜ!" ልጄ በሃፍረት ፊቷን ሸፈነች።

"ሁለቱም አይነኳትም" ብሎ ሳቀ።

ሲና ተራ በተራ ሞከረቻቸው። የቀዩ ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ እጇን ስታነሳ ግን እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ጥቁሩ አያጉረመርምም። ወፍራም፣ የሚሞላ ድምፅ አለው።

"ይሄ ንጹህ ነው" አለች ጥቁሩን ይዛ። "ግን... የታፈነ ይመስላል።"

ከዚያ ቀና አለች።

"ያስ?"

ግድግዳው ላይ ሦስተኛ ጊታር ተሰቅሏል። ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ድሮ ነጭ ነበር መሰለኝ፤ አሁን እንደ ሽማግሌ ጥርስ ቢጫ ሆኗል።

"እሱ አይሸጥም።"

"ልሞክረው ብቻ?"

ሞረዳ ወደ እሷ ዞረ። የልጄን ግራ እጅ ያያል። ረጅም ጊዜ አየው...

"ረጃጅም ጣቶች" አለ በሹክሹክታ። "እሺ። ሞክሪው፣ ኢንተላኮ፣ ልጄ።"

ከግድግዳው አውርዳ ማንገቻውን ትከሻዋ ላይ አጠለቀች፤ የማጉያውን ገመድም ሰካችበት። ገና አንድ ክር ስትነካ የእጄ ፀጉር ቆመ። ሰው አጠገቤ ቆሞ የሚያንጎራጉር ነው የመሰለኝ።

ሞረዳ አለቀሰ።

"ሦስት ዓመት" አለ። "ሦስት ዓመት ሙሉ በእኔ እጅ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አላለም።"

"ምን ቢኖረው ነው?" አለች ሲና።

"ፒካፑ ሰም አልጠጣም። የሌሎቹ ሽቦ በሰም ተደፍኗል። የዚህ ክፍት ነው። ስለዚህ ከክሩ ሌላም ይሰማል። ስታንኳኪው ይሰማል። አጠገቡ ስታወሪ..."

ድንገት ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

"ባለቤቱ ማን ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ውጭ አገር ሄደ።"

በጣም ቶሎ ነው የመለሰው።

ጎንበስ አልኩ። በፒካፑ ክዳን ላይ በሚስማር የተጫረ ነገር አየሁ። ፊደል ነው። ደስ አለኝ፤ ፊደል ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ጣቴ ሄደ። አፌም ተከተለው።

"ራ... ጉ... ኤ... ል።"

ከማጉያው የራሴ ድምፅ ወፍሮ ወጣ። ራጉኤል።



ከዚያ ከማጉያው ውስጥ የደከመ የወንድ ድምፅ መለሰ።

"አቤት።"

መብራት ሄደ። የማጉያው ቀይ መብራትም ጠፋ። ድምፁ ግን አልጠፋም።

"አቤት... ማን ነው? ሞረዳ ነህ እንዴ? ግባ።"

ከማጉያው የበር ሲጥታ። እርምጃ።

"አልሸጥም አልኩህ እኮ። ምን ይዘህ ነው የመጣኸው?"

አንድ ምት። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ።

"እጄን ተው! በማርያም፣ ወንድሜ፣ እጄን—"

ሁለት። ሦስት። አራት። ልመናው ቆመ...

ምቱ ግን አልቆመም።

"ማን አንብቢ አለሽ?" አለኝ ሞረዳ።

ከጠረጴዛው ስር መዶሻ አወጣ።

መጀመሪያ ለእኔ ሰነዘረ። ሲና መሃል ገባችና ትከሻዋን አገኛት። ጥቁሩን ጊታር በአንገቱ ይዤ ባለኝ ኃይል ጭንቅላቱን መታሁት። ግንባሩ ተከፈተ። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። ደገምኩት። የጊታሩ አንገት እጄ ላይ ተሰበረ።

ሰውየው ተንበረከከ እንጂ አልወደቀም። የልጄን ግራ እጅ ያዘ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና መዶሻውን አነሳ።

"ጣቶቿን..." ይላል። "ጣቶቿን ብቻ..."

ሲና ያነገተችው ጊታር ክሮች ያኔ ነው የተበጠሱት።

ስድስቱም፣ በአንድ ጊዜ። ማንም አልነካቸውም። እንደ እባብ ተወርውረው መዶሻ የያዘው እጁ አንጓ ላይ ተጠመጠሙ። ጠበቁ። ቆዳው ተከፈለ፣ ሥጋው ተከፈለ... ነጭ አጥንት አየሁ።

ጩኸቱ መጀመሪያ የወጣው ከማጉያው ነው። ሞረዳ አፉን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ጊታሩን ከትከሻዋ አውልቄ ጣልኩት፤ መወርወሪያውን ስቤ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ዝናብ ውስጥ ወድቀን እየተነሳን ሮጥን።

ፖሊስ ሲደርስ ሞረዳ ደሙ አልቆ ሞቶ ነበር። ጊታሩ ከተሰቀለበት ግድግዳ ስር ወለሉን ቆፈሩ። የሰው አጽም ወጣ። የሁለቱም እጆች ጣቶች ደቅቀዋል። ከቢላ ከተማ የመጡ ዘመዶቹ ለዩት። ሠርግ ላይ ጊታር የሚጫወት፣ ከሦስት ዓመት በፊት የጠፋ ሰው ነበር። ራጉኤል።

ፖሊሶቹ አንድ ነገር ጠየቁኝ። የአሮጌው ጊታር ፒካፕ ቦታው ላይ የለም። አይተሻል ወይ? አላየሁም አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ፀሐይ የወጣችበት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሲና ያን ቀን የለበሰችውን ጃኬት ላጥብ አወጣሁት። ኪሱ ውስጥ ጠንካራ ነገር አለ።

ፒካፑ ነው። ሽቦዎቹ ተበጥሰዋል። ከምንም ጋር አልተያያዘም።

ክዳኑ ላይ ራጉኤል ይላል። ከስሩ፣ ያኔ ያልነበረ፣ ሞረዳ ይላል። ከሱ ስር ሦስተኛ ስም አለ። አዲስ ነው፤ የብረቱ ብናኝ ገና ያብረቀርቃል። ሁለት ፊደል ብቻ።

ጣቴን ጨበጥኩ። አፌን በእጄ አፈንኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳላወጣ፣ በዓይኔ ብቻ አነበብኩት።

ከጓዳ ልጄ መለሰች።

"አቤት?"