የፈሪው ዳክዬ ሞት

ወየው ለዚያ ቤት! ሳቅ የማይጠፋበት፣ ግድግዳው በልጆች መጻሕፍት የተሸፈነ ያ ሞቅ ያለ ቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር የሐዘን ቤት ሆነ። ደራሲው በሰባት መጻሕፍት ተንከባክቦ ያሳደገውን ፈሪ ዳክዬ በስምንተኛው ገደለው። ምን ቢነካው ነው? ምኞት ነዋ! ዕድሜ ልኩን «የዳክዬው አባት» መባል አንገሽግሾት፣ ከእንግዲህ ለወጣቶች ስለ ፍቅርና ስለ ሕይወት ትርጉም ሊጽፍ ቆርጧል። ዳክዬው በሕይወት እያለ ግን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ስለዚህ «ዳክዬውም በዚያው ሌሊት በብርድ ሞተ» ብሎ ጻፈና እጁን ታጥቦ ምሳውን በላ... ጨካኝ!

የስምንት ዓመት ልጁ ረቂቁን ከጠረጴዛው አንስታ አነበበች። ከዚያች ሰዓት ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም፤ የአባቷንም ዓይን ማየት ጠላች። ልታባብላት የገባችው እናቷ ራሷ ዓይኗ አብጦ ወጣች። በማግስቱ አማቱ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው ደረሱ።

«እማማ፣ ማን ሞተ ብለው ነው?» አላቸው ደንግጦ።

«አንተ ገዳይ! ደግሞ ትጠይቀኛለህ? ያን የመሰለ ምስኪን! ልጄን እንዳልሰጥህ ያን ጊዜም ልቤ ነግሮኝ ነበር።»

ጡረታ የወጡት ጎረቤት ዳኛም ሊያጽናኑ መጥተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ላባ ለብሶ... በብርድ?» አሉ። «ይሄ ይግባኝ ያስብላል።»

ደራሲው ከዚህ በላይ አልቻለም። ከልጁ አልጋ አጠገብ ተንበረከከ።

«የኔ እናት፣ በቃ አስነሳዋለሁ። ተኝቶ ነበር እላለሁ።»

«አትዋሽ አባዬ። የሞተ አይነሳም።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። «ሲሞት ማን ነበር አጠገቡ?»

ማን ነበር? ማንም አልነበረም! ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ሰው ጉያ የሚወሸቀውን ያን ፍጡር ብቻውን ብርድ ላይ ጥሎት ሄዷል። እንዲህ ያለ አባት ስለ ሕይወት ትርጉም ምን ብሎ ሊጽፍ ኖሯል?

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። ልጅቷ ትከሻው ላይ ተደግፋ ታዘዋለች፦ «አንዲት ልጅ አቅፋዋለች በል... በሻርፗ ጠቅልላዋለች... አይ፣ ቶሎ አይሙት! መጀመሪያ ትዝፈንለት።» የአንድ መስመሩ ሞት አራት ገጽ ሆነ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ እሷ ተንሰቀሰቀች፤ እሱም ብዕሩን ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«አሁን ሞት ሆነ!» አሉ አማቱ ከበሩ ላይ፣ በመሐረባቸው አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

ልጅቷ እንባዋን በአባቷ እጅጌ አብሳ፣ «አባዬ፣ ራበኝ» አለች።

አቤት ዕጣ! ስንቱ ሰው ኖሮ ሞቶ የማያገኘውን የአራት ገጽ ልቅሶ አንድ ፈሪ ዳክዬ አገኘው፤ ዕጣ ሆይ፣ ለማን ምን እንደምትሰጪ ማን ያውቅልሻል?