የደረጃው ሥር ገመድ

«ይህን ገመድ ማን ነው የነቀለው?»

ኢንስፔክተር ሃዊ ይህን ስትጠይቅ ዙፋን መወልወያዋን ከኋላዋ ሸሸገች።

አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለው የሙዚቃ ስቱዲዮ ባለቤት ጌዲዮን፣ ፎቅ ላይ ኪቦርዱ ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኝቷል። የተመታው በማይክራፎን ማቆሚያ ብረት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ደርሳ ሬሳውን ያየችው ድምፃዊቷ ሥርጉት ናት። ከዚያ በፊት ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሸሪኩ ተስፋሚካኤል፣ ፅዳት ሠራተኛዋ ዙፋን፣ ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ልጇ ሞቲ።

ፎቅ ላይ የሚጫወቱት ሙዚቃ ሁሉ በኔትወርክ ገመድ ወርዶ ምድር ቤት ካለው ኮምፒውተር ይገባል። ገመዱ የሚሰካው ደረጃው ሥር ካለች ሣጥን ላይ ነው።

«ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ምድር ቤት ከወንበሬ አልተነሳሁም» አለ ተስፋሚካኤል። «ጌዲዮን ሲጫወት በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁት ነበር። ሰምቼው የማላውቀው አዲስ ዜማ!» አንጎራጎረው። «ድንገት ጸጥ አለ። ገመድ የሚነካ ደግሞ ሞቲ ብቻ ነው። ጠዋት ከጌዲዮን ጋር ሲሰዳደቡ ነው ያረፈዱት።»

«አፍህን ዝጋ!» አለ ሞቲ። «የተጣላነው ኔትወርኩ በየጊዜው ይቋረጣል ብሎ ነው። እኔ ጣሪያ ላይ ነበርኩ።»

«ማን አየህ? ርግቦቹ?» አለ ተስፋሚካኤል።

ከሃዊ ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። ዙፋን ወደ ግድግዳው ቀና አለች። ግድግዳው ላይ ልጇ የለጠፈው ወረቀት አለ፦ «ገመድ መንካት ክልክል ነው»። ሁለት ዓመት ሙሉ ወለል ስትወለውል ውሃ እንዳይነካው እየነቀለች፣ ሲደርቅ ስትሰካው ኖራለች። የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ወረቀቱን ያነበበችው ባለፈው ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ እየፈራች፣ ተደብቃ ትነቅል ጀመር። ዛሬ ወለሉ እስኪደርቅ ሌላ ሥራ ይዛ ቆይታ፣ ሳትመልሰው የሥርጉት ጩኸት ተሰማ።

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «አራት ሰዓት አልፎ ስወለውል ነቀልኩት፤ አልመለስኩትም! ልጄን ልቀቁት!»

ሃዊ ሁለቱንም ኮምፒውተሮች ፈትሻ ስትመለስ ሁሉንም እንደገና ደረጃው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«እውነትዎን ነው፣ እማማ። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ግንኙነቱ አራት ከአሥር ላይ መቋረጡን መዝግበዋል።» ወደ ተስፋሚካኤል ዞረች። «ጌዲዮን ያንን ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫውቶ የቀረፀው አምስት ከሃያ ላይ መሆኑን የፎቁ ኮምፒውተር ያሳያል። ያኔ ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ድምፅ አልነበረም። የፎቁ ክፍል በሩ ሲዘጋ ደግሞ ድምፅ አያስወጣም። ታዲያ የት ቆመህ ሰማኸው?»

«ምናልባት... ትናንት...»

«አሁን ‹ሰምቼው የማላውቀው› አላልክም? የሰማኸው አጠገቡ ቆመህ ነው። ብረቱን ይዘህ!»

ተስፋሚካኤል ሣጥኗን በእግሩ መታት። «ዐሥር ዓመት አብሬው ለፍቼ ስሜን ከአልበሙ ፋቀው! ምን ላድርግ? ላጨብጭብለት?»

ሞቲ እናቱን አፈጠጠባት። «ኔትወርኩን የምታቋርጪው አንቺ ነሽ? በአንቺ ጥፋት ሰውየው ሲሰድበኝ ከረመ! ካቴናው እስኪወጣም ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ ነው፣ ልጄ።»

«እኔስ?»

ተስፋሚካኤል በፖሊስ መኪና ሄደ። ሞቲም ዞር ብሎ ሳያያት ባጃጅ አስቁሞ ወደ ቃሊቲ ሄደ። ዙፋን ገመዱን እንደያዘች ደረጃው ሥር ቀረች።