በነጠብጣብ የተሰመረ ጉድጓድ

«ቦታዋ አንዲት ናት፤ እሷም ተይዛለች» ትል ነበር የቁፋሮው ሰፈር ምግብ አብሳይ፤ ጠዋት ሻይ ስትቀዳም፣ ቀትር ላይ ሳህን ስታነሳም፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ማን ነገረሽ?» ያሏት እንደሆነ «እኔ ምን አውቄ፤ ሲባል ሰምቼ ነው» ብላ ጀርባዋን ትሰጣለች።

ዘመኑ ታላቁ የዓለም ጦርነት ባበቃ በዘጠነኛው ዓመት ነው። በወንዙ ላይ የሚሠራው ግድብ በመጪው ዓመት ሸለቆውን እንደሚያሰጥመው በአዋጅ ስለ ተነገረ፣ ከጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ የሚተርፈው ይተርፍ ዘንድ መንግሥት ለክቡር ፕሮፌሰሩ አንድ በጋ ሰጥቷቸው ነበር፤ እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው አሥራ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ረዳትና የተቆፈረውን በወረቀት የምትነድፍ አንዲት ነዳፊ ይዘው በወንዙ ዳር ድንኳን ተከሉ። ያቺ «ቦታ» የተባለችው በዋናው ሙዚየም የተከፈተች ቋሚ ሥራ ናት፤ በበጋው ፍጻሜ ፕሮፌሰሩ የመረጡት ሰው ይገባባታል።

ነዳፊዋ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የኮሌጅ ደጅ አልረገጠችም፤ መስመር ማስመርን የተማረችው ልብስ ሰፊ አባቷ ጨርቅ በሚለካበት ወረቀት ላይ፣ የቀረውንም ሌሎች ጨርሰው ከጣሉት መጽሐፍ ነው። አባቷ ዓይኑ ደክሞ ክር በመርፌ ማስገባት ካቃተው ወዲህ ቤቱ በእርሷ ላይ ወድቋል፤ ስለዚህ ያቺን ቦታ ትፈልጋት ነበር፤ ፈላጊ መስላ መታየትን ግን ትጠላ ነበር።

የአብሳይዋን ወሬ በሰማች ቁጥር ዓይኗ ረዳቱ ላይ ያርፋል። ሰውዬው በዚያ ሁሉ አቧራ መካከል በየቀኑ ጢሙን ይላጫል፤ የፕሮፌሰሩን ጃንጥላ ይይዛል፤ በትንሽ ደብተር አንድ ነገር ይጽፍና እርሷ ስትቀርብ ይከድነዋል። ምን ይጽፋል? ስለ ማን?

ፕሮፌሰሩ በየበጋው የሚመሩት የቁፋሮ ትምህርት ቤት አንድ ልማድ ነበረው። ተማሪዎቹ መቆፈር ከመጀመራቸው በፊት፣ ከማስተማሪያው ሣጥን አንድ ዕቃ ተመርጦ እነርሱ በሚቆፍሩበት ቦታ ይቀበራል፤ በሰው እጅ የተነካ አፈር ቀለሙ የተደባለቀ ነውና፣ ያንን ሳያይ ዕቃውን አንሥቶ የሚፈነድቅ ተማሪ በጋውን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል። ሣጥኑ ከየገበያው በተለቀመ ስብርባሪ የተሞላ ነበር፤ በውስጡ ያለውን ለይቶ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ዓመት ፕሮፌሰሩ ጉልበታቸውን ታምመው ስለነበር መቅበሩን ለረዳቱ አዘዙ።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ጓደኞቹ «መነጽር» የሚሉት ተማሪ ከጉድጓዱ ግድግዳ ግርጌ አውራ ጣት የምታህል የሸክላ ማኅተም አወጣ፤ ሁለት ወፎች አንገት ለአንገት ተጠላልፈው ተቀርጸውባታል። ፕሮፌሰሩ አገላብጠው አዩና ፈገግ አሉ።

«ዘንድሮስ ወጥመዱ ቆንጆ ነው። የቀበርከው ይህን ነው?»

«አዎን ጌታዬ» አለ ረዳቱ፤ ጫማውን እያየ።

ተማሪዎቹ ሳቁ፤ መነጽር ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ማኅተሙም ሳይመዘገብ ሣጥን ገባ።

ነዳፊዋ በማግስቱ ቱንቢዋንና ሜትሯን ይዛ ግድግዳውን ልትነድፍ ወረደች። ማኅተሙ የተነሣበት ጎድጎድ ያለ ቦታ እንዳለ ነው፤ ከእርሱ በላይ ግን አንዲት ቀጭን የአመድ መስመር ከጥግ እስከ ጥግ፣ እንደ ተወጠረ ክር፣ ሳትበጠስ ታልፋለች። በብሩሽ ጠረገች፤ ውኃ ረጭታ እንደገና አየች። ከላይ ቆፍሮ የቀበረ ሰው ያቺን አመድ ሳይቆርጥ ሊያልፍ አይችልም።

ረዳቱን አፈር በሚነፋበት ወንፊት ዘንድ አገኘችው።

«በየት በኩል ነው ያስገባኸው?»

«ከላይ ነዋ። ከታች ልምጣ?»

«አመዱ አልተቆረጠም።»

«እህቴ፣ አንቺ መስመርሽን አስምሪ፤ አፈሩን ለተማሩት ተዪልን።»

«ትቼላችሁ አይደል አመድና ጭቃ መለየት ያቃታችሁ።»

ሄደች፤ ሐሳቧ ግን አብሯት አልሄደም። ለምን ይዋሻል? ቀኑን ሙሉ ስታሰላስል አንድ መልስ ብቻ ታያት፤ ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑን አውቋል፤ በመዝገብ ያልገባ ዕቃ ደግሞ ከሣጥን ቢሰወር የሚጠይቅ የለም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ፕሮፌሰሩ ወደ ንድፍ ድንኳኗ ገቡ።

«ልጄ፣ ማኅተሙ የተቀበረበትን ጉድጓድ አላሰመርሽውም።»

«አላየሁትማ፣ ክቡር ፕሮፌሰር።»

«ረዳቴ በእጁ ቆፍሮታል እኮ።»

«እሱ የሚለውን የማሰምር ከሆነማ መውረዱ ለምኔ? እዚሁ ጥላ ሥር ሆኜ ይንገረኝ እንጂ።»

ሽማግሌው ሊስቁ ጥቂት ቀራቸው፤ መነጽራቸውንም አውልቀው ወደ ንድፉ ጎንበስ አሉ፤ ጣታቸው በአመዱ መስመር ላይ ሄደች። እዚያ ላይ ዝም ብትል ኖሮ!

«ሣጥኑን ቢያስቆልፉት ይሻላል» አለች። «ለምን እንደ ዋሸ ያኔ ይገባዎታል።»

ጣታቸው ቆመች። «ሌባ እያልሽው ነው?»

«እኔ ስም አልጠራሁም።»

ፕሮፌሰሩ ቀና አሉ። ነገሩ የአፈር መሆኑ ቀርቶ የሰው ስም ሆነ፤ ስለ አፈር የሚሰሙበት ጆሯቸውም ተዘጋ። «በዓይን ያልታየ ጉድጓድ በነጠብጣብ ይሰመራል፤ አስምሪና ፈርሚ» አሉ። «ስለ ሙዚየሙ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

እርሳሱን አነሣች። አንድ ትንፋሽ የማይፈጅ ሥራ ነው። አባቷ መርፌዋን ወደ መስኮቱ አቅንቶ ቀዳዳዋን ሲፈልግ ታያት። እርሳሱን መልሳ አኖረችው።

«አላየሁትም» አለች።

ፕሮፌሰሩ እርሳሱን አንሥተው ራሳቸው በአመዱ መስመር ላይ ሰባት ነጥብ አሳረፉ፤ በግርጌውም ስማቸውን ጻፉ።

ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን ጠቅልላ የስንቁን መኪና ስትጠብቅ አብሳይዋ አጠገቧ ቆመች።

«አላልኩሽም? ተይዛለች ብዬ።»

«ማን ያዛት?»

«እሱን እንኳ አልሰማሁም።»

በበጋው ፍጻሜ ረዳቱ ሙዚየም ገባ፤ በዓመቱም ውኃው ሸለቆውን ሞላ። የታተመው ትልቅ ዘገባ ያንን ግድግዳ ከነሰባት ነጥቡ አስፍሮታል፤ ከተማው ማኅተም የማያውቅ የደሃ መንደር እንደ ነበረም ይናገራል፤ ከዚያ ወዲህ የጻፉት ሁሉ ይህንኑ ደግመዋል። የነዳፊዋ ስም የትም የለም። በአባቷ መቀስ ሌላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ ስትቆርጥ ኖራ ዐረፈች። ማኅተሙን የሰረቀው አልነበረም፤ ከተማሪ እጅ ወደ ተማሪ እጅ ሲዞር ወፎቹ ተፍቀው ጠፉ። ታሪክ ያየውን ሳይሆን የተፈረመለትን ይይዛል።

ነዳፊዋ በሞተች በሦስተኛው ዓመት ረዳቱ ጡረታ ሲወጣ የሥራ ባልደረቦቹ ምሳ ጋበዙት፤ ከወጣትነትህ አንድ የሚያስቅ ነገር አውራን አሉት። እርሱም በዚያ የግድብ በጋ ዕቃ ቅበር በተባለበት ጠዋት ጥርሱ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎት ከተማ ሄዶ እንዳስነቀለ፣ ትእዛዙን አለመፈጸሙን ለመናገር አፍሮ «አዎን ጌታዬ» እንዳለ፣ ያን ዓመት በዚያ ጉድጓድ አንዳች ነገር እንዳልቀበረ አጫወታቸው።